አንዷ «ን» አራት ስትሆን

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ለቋንቋ መምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ማራገቢያው ይጮኻል፤ ከኋላ ያላችሁ ካልተሰማችሁ እጅ አውጡ።

በጨዋታ እንጀምር። አራት ቃላት እላለሁ፤ ተከትላችሁኝ በሉ። ስትሉ ግን ልባችሁን ምላሳችሁ ላይ አድርጉ። አንድ። እንጀራ። አንገት። አንበሳ።

አራቱም ውስጥ «ን» አለች። አሁን ቀስ እያላችሁ ድገሙና «ን» ላይ ስትደርሱ ቁሙ። «አን...ድ» ስትሉ የምላሳችሁ ጫፍ የላይኛው ጥርስ ሥር ነው። «እን...ጀራ» ስትሉ ምላስ ሸሸት ይልና ላንቃ ላይ ይለጠፋል፤ «ኝ» ለመሆን ትንሽ ነው የቀራት። «አን...ገት» ላይ የምላስ ጫፍ ሥራ ፈትቶ ተጋድሟል፤ የሚሠራው የምላስ ሥር ነው። «አን...በሳ» ላይ ደግሞ ምላስ ጭራሽ የለበትም። ከንፈራችሁ ገጥሟል። እሷማ ለይቶላት «ም» ሆናለች።

ፊደላችን አንዲት «ን» ጽፎ ዝም ይላል። አፋችን ግን አራት ያወጣል። ይህን ማንም አላስተማረንም። ከእናታችን ጡት ጋር የገባ ነገር ነው፤ ዕድሜ ልካችንን ስንለው ኖረን አንድም ቀን ልብ አላልነውም።

ምክንያቱን አሁን በራሳችሁ አፍ አይታችሁታል። እያንዳንዷ «ን» ከኋላዋ የምትመጣውን ድምፅ መስላለች። «በ» የከንፈር ድምፅ ናት፤ ስለዚህ «ን»ን ወደ ከንፈር ትወስዳታለች። «ገ» ከኋላ ናት፤ ወደ ኋላ ትወስዳታለች። አበው «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ብለዋል። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የዛሬው ርዕሳችን እሱ ነው። ድምፅም አጠገቡ ከዋለው ይማራል።

ሰው በተለመደው ፍጥነት ሲናገር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ድምፅ ያወጣል። ምላስ፣ ከንፈርና ጉሮሮ ይህን የሚችሉት ተራ ጠብቀው አይደለም። አንዱ ሥራውን ሳይጨርስ ሌላው መዘጋጀት ይጀምራል። «አንበሳ» ስትሉ ምላስ ገና ስለ «ን» ሲያስብ ከንፈር ለ«በ» መግጠም ጀምሯል። አንዳንዱ ይህን «የአፍ ስንፍና» ይለዋል። እኔ አልስማማም። ሰነፍ አፍ ዝም ነው የሚለው። ይህ የቀልጣፋ አፍ ሥራ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ አነጋገር ነው። ወደ ቋንቋ ለውጥ የሚሻገረው መቼ ነው? ልጅ መናገር ሲለምድ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ነው። «አምበሳ» ሲባል ይሰማል፤ «ን» የምትባል ነገር ከጀርባው እንዳለች የሚነግረው የለም። ትምህርት ቤት ገብቶ ሲጽፍ «አንበሳ» በል ይሉታል፤ ይጽፋል። «ግንብ»፣ «ዝንብ»፣ «ገንቦ»፣ «ግንባር»፣ «ከንፈር»፣ «ጉንፋን»፤ ሁሉንም በ«ን» ጽፎ በ«ም» ይላል። ወደ «ሽምብራ» እና «ሸምበቆ» ሲመጣ ግን ብዙ ሰው በ«ም» ይጽፋል። እዚያ ጆሮ ፊደልን አሸንፏል። ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ ትናንት የአፍ ልማድ የነበረው ዛሬ የቃሉ አካል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የሚመልሰው የለም።

ከዚህ ጠለቅ ያለ ለውጥ ላሳያችሁ። ወንድምህን ስታዝዘው «ልበስ» ትለዋለህ፤ እህትህን «ልበሺ»። እሱን «ውሰድ»፣ እሷን «ውሰጂ»። ክፈት፣ ክፈቺ። ቁረጥ፣ ቁረጪ። ያዝ፣ ያዢ። ለምን፣ ለምኚ። ስቀል፣ ስቀዪ። ለሴት የሚጨመረው «ኢ» ብቻ ነው። «ኢ» ስትባል ምላስ ወደ ላንቃ ይወጣል። ከፊቷ ያለችውንም ድምፅ ይዛት ትወጣለች። «ስ» ላንቃ ላይ ስትደርስ «ሽ» ትሆናለች፣ «ድ» «ጅ»፣ «ት» «ች»።

ሁሉም አይጎተትም። «እረፍ፣ እረፊ»፣ «ጥረግ፣ ጥረጊ» ስንል ምንም የተለወጠ የለም። የከንፈርና የጉሮሮ አካባቢ ድምፆች ከምላስ ጫፍ ርቀው ስለሚወጡ «ኢ» አትደርስባቸውም። «ር» ግን በምላስ ጫፍ ትወጣለች፤ ያም ሆኖ «ስበር፣ ስበሪ» ነው የምንለው። ግትር ናት።

አሁን «ኢ»ን እናጥፋት። ግእዝ የሚወልደውን «ወላዲ» ይለዋል። «ወላዲተ አምላክ» ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አማርኛ ግን «ወላጅ» ይላል። «ዲ» ውስጥ ያለችው «ኢ» «ድ»ን ወደ «ጅ» ጎትታ ስታበቃ እሷ ራሷ ጠፋች። ግእዝ «ቀዳሲ» ይላል፣ እኛ «ቀዳሽ»። ከፋች፣ ቆራጭ፣ ለማኝ፣ ያዥ፣ አራሽ፤ እነዚህ ሁሉ መጨረሻቸው ላይ «ኢ» ነበረቻቸው። ዛሬ የለችም። አሻራዋ ግን እያንዳንዱ ቃል ላይ አለ።

አንድ መልክ ያለው ግስ በሁለት መንገድ ሲመጣ ደግሞ እዩት። «ደረሰ» ከሚለው ግስ «ደራሲ» አለ፤ እንደ ግእዙ ቀጥታ የመጣ የጽሕፈት ሰዎች ቃል ስለሆነ «ሲ» ሳትነካ ቀረች። መልኩ ያው ከሆነ ግስ «ደራሽ» አለ፤ ይኼኛው በሕዝብ አፍ ውስጥ ያለፈ ነው። «ደራሽ ጎርፍ» የሚለውን ቃል ለድሬ ሰው ማስረዳት አያሻም። የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የሚያስታውሱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። «ደራሲ» እና «ደራሽ» በአንድ ዓይነት አሠራር መጡ ቢባል ማን ያምናል?

«እጅ»ም እንደዚሁ ነው። በግእዝ «እድ» ነው። «የእሱ እጅ» ለማለት «እዴሁ» ይላል። «ዴ» ላይ ያለችው አናባቢ «ኤ» እንደ «ኢ» ምላስን ወደ ላንቃ ትወስዳለች። «ድ» ተጎተተች፣ «ጅ» ሆነች፣ አናባቢዋ ሄደች።

አንዳንዴ ደግሞ ጎረቤቷን መስላ የምትጠፋው ራሷ ድምፅዋ ናት። «ተሰበረ» እንላለን፤ «ተ» በግልጽ አለች። «ይሰበራል» ስንልስ «ተ» የት ሄደች? ጮክ ብላችሁ በሉትና «ሰ»ን አዳምጡ። ትጠብቃለች፤ በርትታ ትነገራለች። «ት» ከ«ሰ» ጋር ስትገጥም «ሰ»ን መስላ ቀለጠች። «ይከፈታል» ላይ «ከ»ን መሰለች፣ «ይገደላል» ላይ «ገ»ን። አንዷ ትንሽ «ት» እንደገባችበት ቤት መልኳን ትለዋውጣለች። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ግን ይህ ሁሉ ትርዒት ወረቀት ላይ አይታይም። ድምፁን የማያውቅ ሰው «ይሰበራል»ን አንብቦ «ተ» ዝም ብላ የወደቀች ይመስለዋል።

ይህ የአማርኛ ጉድ ብቻ አይደለም። ይህችን ከተማ የመረጥኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬዳዋ ባቡሩ ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ገና ከጅምሯ ብዙ ቋንቋ የሰማች ከተማ ናት። ቀፊራ ገበያ ገብታችሁ አንድ ኪሎ ቲማቲም እስክትገዙ ድረስ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አንዳንዴም ሐረሪና ዓረብኛ ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ጎረቤት ድምፆችን ያመሳስላሉ። አመሳሳላቸው ግን ይለያያል። እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው፤ ከሁለቱ ድምፆች ማን ማንን ይጎትታል?

ከዓረብኛ እንጀምር፤ ለዚያ ደግሞ የሰፈራችሁ ሰዎች ስም ይበቃል። አብዱልቃድር፣ አብዱልከሪም፣ አብዱልመጂድ። ሦስቱም ውስጥ «ል» አለች፤ «አል» ከሚለው የዓረብኛ መለያ የመጣች ናት። አሁን አብዱራህማን፣ አብዱሰላም፣ አብዱሰመድ። «ል» የለችም! ኑረዲን፣ ሸምሰዲን፤ እዚህም የለችም። ሁሉም ሲሠሩ «አል» ነበረባቸው። «አል» ከ«ራህማን» ጋር ስትገጥም «ል» ወደ «ር» ትለወጣለች፤ ከ«ሰላም» ጋር ወደ «ሰ»፤ ከ«ዲን» ጋር ወደ «ድ»። እነዚህ እንደ «ል» በምላስ ጫፍ አካባቢ የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ በቅርብ ስላሉ ዋጧት። «ቃፍ»፣ «ካፍ» እና «ሚም» ግን ሩቅ ናቸው፤ አልነኳትም። ቁርአን ቤት የቀራችሁ ይህን በሌላ ስም ታውቁታላችሁ። ከ28ቱ የዓረብኛ ፊደላት 14ቱ የፀሐይ፣ 14ቱ የጨረቃ ይባላሉ። የፀሐዮቹ «ል»ን የሚውጡት ናቸው። ሲጻፍ ግን «ላም» ቦታዋ ላይ እንዳለች ናት፤ እንደ እኛ «አንበሳ» ማለት ነው።

ዓረብኛ ላይ የኋለኛዋ ድምፅ የፊተኛዋን ጎተተች። «አንበሳ» ላይም፣ «ይሰበራል» ላይም እንደዚሁ ነበር። አሁን ኦሮምኛን ስሙ።

«አከም ጅርታ?» የማይል የለም። መጨረሻው ላይ ያለችው «ታ» «አንተ» ማለት ናት። ይህችኑ «ታ» «ቀብ» ከሚለው ጋር ስታገናኟት ግን «ቀብታ» አይባልም። «ቀብዳ» ነው። «ማል ቀብዳ?» ይባላል። «ብ» ስትባል ጉሮሮ ይነዝራል፤ «ት» ስትባል አይነዝርም። «ብ» ነዘራዋን ለጎረቤቷ አቀበለቻት፣ «ት» «ድ» ሆነች። እዚህ ጎታቿ የፊተኛዋ ናት።

ሌላ ደግሞ። «ገሌ» ማለት «ገባ» ነው። «ገባን» ለማለት «ኔ» ይጨመራል። «ገልኔ» ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ግን «ን» «ል»ን ትመስልና «ገሌ» ይሆናል፣ «ለ» ጠብቃ። «ገባ» እና «ገባን» የሚለዩት በጥብቀት ብቻ ነው! በእኛ ፊደል ስጽፋቸው አንድ ናቸው። ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ ግን ሁለት «ል» ስለሚጽፍ ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይታያል። ይህን ለማንም ወግኜ አይደለም የምለው፤ ፊደል ሁሉ የሚያሳየውና የሚደብቀው አለው።

ሶማልኛ ደግሞ ሁለቱንም ለውጦ ሦስተኛ ይወልዳል። «ናግ» ሴት ናት፤ «ሴቲቱ» ሲባል «ናግታ» ይሆናል። «ታ»ን ያዙልኝ። «ኢል» ዐይን ነው። «ዐይኑ» ሲባል «ኢልታ» መሆን ነበረበት፤ ግን «ኢሻ» ነው። «ል» እና «ት» ተገናኝተው «ሽ» ወለዱ። «ሜል» ቦታ ነው፣ «ሜሻ» ቦታው። «ሀል» ሴት ግመል ናት፣ «ሀሻ» ግመሊቱ። ማን አሸነፈ? ማንም። «ቡግ» (መጽሐፍ) ላይ ደግሞ ለወንዴው የሚጨመረው «ካ» «ግ»ን መስሎ «ቡጋ» ይሆናል፣ «ጋ» ጠብቃ። እዚህ የፊተኛዋ አሸነፈች። በአንድ ቋንቋ ውስጥም ወጥ አይደለም።

ሐረሪ ወይም ጌይ ሲናን ለአማርኛ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ እሱም ለሴት ሲያዝ የምላስ ጫፍ ድምፆችን ወደ ላንቃ ይስባል። ሐረር የቆየ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

አሸናፊውን የሚለይ ነገር አለ ወይ? አንድ ዝንባሌ አለ። የቃሉ ሥር ትርጉሙን ስለሚሸከም መልኩን ይጠብቃል፤ የሚለወጠው ቅጥያው ነው። «አል» ተለወጠች፣ «ራህማን» አልተነካም። «ይሰበራል» ላይ «ት» ቀለጠች፣ «ሰበረ» ቆመ። «ቀብዳ» ላይ ቅጥያው «ታ» ተለወጠ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ እኔም ለተወሰነ ጊዜ ወድጄው ነበር። ግን «ልበሺ» ያፈርሰዋል፤ እዚያ ቅጥያዋ ናት ሥሩን የለወጠችው። ኦሮምኛ ራሱ «ቢት» (መግዛት) ላይ «ኔ» ሲጨምር «ቢኔ» ነው የሚለው፣ «ን» ጠብቃ፤ የሥሩ «ት» ተዋጠች። ስለዚህ ዝንባሌ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ወደ አንድ ቁጥር ልውሰዳችሁ። ስድስት። በሐረሪ «ሲዲስቲ» ነው፤ «ድ» አለች። በግእዝ «ስድስቱ»፤ አለች። በግእዝ ስድሳን ቁጠሩ ብትባሉስ? «ስሳ»። «ድ» የለችም፤ «ስ» ውጣታለች። ዓረብኛ «ሲታ» ይላል። እዚያ «ድ»ም «ስ»ም «ት» ውስጥ ሰምጠዋል። እንዴት አወቅን? ስድስተኛውን በዓረብኛ ጠይቁ፤ «ሳዲስ» ይላችኋል። አናባቢ በመሃል ስለገባ «ድ» እና «ስ» ሳይነካኩ ተረፉ። እኛም የፊደላችንን ስድስተኛ ረድፍ «ሳድስ» እንለዋለን። አማርኛ ስድሳ ላይ ሲደርስ አንዱ «ስድሳ» ይላል፣ ሌላው «ስልሳ»። «ድ» ከ«ስ» ፊት መቆም የትም አልተመቻትም።

ካፌ ገብታችሁ «ላቴ» ስታዙም ያው ነገር ነው። ጣልያን ወተትን «ላቴ» የሚለው ከላቲኑ «ላክቴ» ነው፤ «ክ» በ«ት» ተውጣለች። ባሕር ማዶም እንደኛው ናቸው።

አናባቢዎችን ረስቻቸዋለሁ እንዳትሉኝ። ሁላችንም «ሀ ሁ ሂ ሃ» ስንል አድገናል። «ሀ» እና «ሃ» ለምን አንድ ድምፅ እንደሆኑ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? «ለ» እና «ላ» ይለያያሉ። «መ» እና «ማ» ይለያያሉ። «ሀ» ከ«ሃ»፣ «አ» ከ«ኣ» ግን አይለዩም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ፣ ዐ የጉሮሮ ድምፆች ናቸው። የጉሮሮ ድምፅ አፍን ይከፍታል። ስለዚህ ከጎኑ ያለችውን የግእዝ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ረድፍ፣ አናባቢ ጎትቶ ራብዕ፣ አራተኛ፣ አደረጋት። ያልተጎተተችውን ለመስማት «ኸ»ን በሉ። እሷ ከ«ከ» የመጣች ናት፤ የጉሮሮ ዘር ስላልነበረች አናባቢዋ ተረፈች። ፊደል ገበታው ላይ ልጆችን ግራ የሚያጋባው ነገር የጎረቤት ሥራ ነው። መምህራን፣ ቢያንስ ለትልልቆቹ ንገሯቸው።

እነዚያ የጉሮሮ ድምፆች በአማርኛ ብዙ ቦታ ጠፍተዋል፤ እንደ «ወላጅ»ዋ «ኢ» ግን አሻራ ጥለው ነው። ግእዙ «በልዐ» አማርኛ «በላ» ሆነ፤ «ሰምዐ» «ሰማ»፤ «መጽአ» «መጣ»። «ሰበረ» በመጀመሪያው ረድፍ፣ በግእዝ፣ ሲያልቅ «በላ» ለምን በራብዕ ያልቃል? መጨረሻው ላይ ሞቶ የተቀበረ «ዐ» ስላለ።

«ወ» ደግሞ ከንፈርን ታሞጫሙጫለች፤ አናባቢዋም ወደ «ኦ» ታደላለች። ፈረንጅ ወሎን በላቲን ፊደል ሲጽፍ «ኦ» የሚያደርገው ጆሮው ስለሰማ ነው። «ጐንደር» እና «ጎንደር» የሚያከራክሩንም ከዚህ ነው። «ጐ» ውስጥ «ወ» የመሰለች ድምፅ አለች፤ አናባቢዋን ወደ «ኦ» ለውጣ እሷ ሟሟች። «ቈላ» «ቆላ» ሆነ። ሁለቱም አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለው ሽማግሌ ልክ ነው፤ አንዱ የቀድሞውን፣ አንዱ የዛሬውን ድምፅ ይጽፋል።

የመጨረሻው ነገር ተቃራኒው ነው። ጎረቤት ሁልጊዜ አያመሳስልም፤ አንዳንዴ ያኳርፋል። ግእዝ «መንበር» ይላል። አማርኛ «ወንበር»። «መ»ም «በ»ም ከንፈር ገጥሞ የሚወጡ ናቸው። ሁለት ተመሳሳይ ነገር ሲቀራረብ አፍ ይሰለቻልና አንዷን ቀየራት። «ነፋ» ብለን ዕቃውን «ወንፊት» እንላለን፤ «ሰፋ» ብለን «ወስፌ»። እንደ ሌላው ዕቃ በ«መ» መጀመር ነበረባቸው፤ ከኋላ «ፈ» ስላለች «መ» ወደ «ወ» ሸሸች። ሊቀ መንበሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ ስንል ግእዙና አማርኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

ግን «መርፌ»ስ? «ፈ» አለች፣ «መ»ም አለች፣ ምንም አልሆነችም። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ላይፕዚግ የነበሩ ወጣት የቋንቋ ሊቃውንት «የድምፅ ሕግ ልዩነት አያውቅም» ብለው ተነሡ። ለ«ልበሺ» ዓይነቱ ለውጥ አባባላቸው ይሠራል። መኳረፍ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ቃሉ ዕድል ነው። ላቲን እንግዳ መንገደኛን «ፔሬግሪኑስ» ሲል ጣልያን «ፔሌግሪኖ» አደረገው፤ ከሁለቱ «ር» አንዷን ለወጠ። «ር» ያለበትን ቃል ሁሉ ግን አልነካም። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ሚዛን መመዘን ስሕተት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄ ይኖራችኋል።

*

የተነሡትን ጥያቄዎች በሙሉ አልጽፋቸውም፤ ሦስቱን ብቻ።

አንዲት መምህርት «እንደምንናገረው ለምን አንጽፍም? አምበሳ፣ ግምብ ብንል ልጆቹ ይቀላቸዋል» አሉ። እኔ «አንበሳ» ይቆይ ባይ ነኝ። አራቱን «ን» በአራት ፊደል እንጻፍ ካልን የት እንደምናቆም አላውቅም። «ሽምብራ»ን ደግሞ ወደ «ን» እንመልስ አልልም፤ ሕዝብ ጨርሶታል። እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ጥብቀት ነው። ሰዋስው ጸሐፊዎች ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ነጥብ ያደርጉ ነበር። የጥብቀት ምልክት ዛሬ በኮምፒውተርም ቦታ ተሰጥቶታል። ቢያንስ በልጆች መማሪያ ላይ ቢገባ «ገና» እና «ገና» ለመለየት ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ ማንበብ አይጠበቅባቸውም ነበር።

አንድ ተማሪ ተነሥቶ «የድሬ ልጆች አማርኛ ተበላሽቷል ይሉናል። አቦ፣ እውነት ነው?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። የአዲስ አበባ ሰው ፈጥኖ ሲናገር «ቤተ ክርስቲያን»ን «ቤተስኪያን» ይላል፤ «ክ» እና «ስ» ቦታ ተለዋወጡ፣ «ር» እና «ት» ጠፉ። እሱን ማንም ተበላሸ አይለውም። የእናንተ ሲሆን ነው ስም የሚወጣለት። ቋንቋ አጥኚ የሚጠይቀው ለውጡ ሥርዓት አለው ወይ ብሎ ነው። እስካሁን ያየኋቸው አሏቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ አዛውንት ነበር። «ልጄ፣ ‹ዐ› እና ‹አ› ይለያዩ ነበር ትላለህ። እኛ አንድ አድርገን ነው የተማርነው። በምን ታውቃለህ?» አሉኝ። አባቴ፣ ትግርኛ ዛሬም ይለያቸዋል፤ ዓረብኛም ይለያቸዋል። ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሶማልኛ «ዐ»ን አጥርቶ ይዟል። ወተት በሶማልኛ «ዓኖ» ነው። ነገ ጠዋት ወተት ከምትሸጥ ሶማሌ እናት ዘንድ ሄደው ዋጋውን ይጠይቁና እናትየዋ ቃሉን ስትል ጉሮሮዋ ውስጥ የሚጠብበውን ነገር ያዳምጡ። «ዐይን» ሲጻፍ በ«ዐ» የሆነው ለዚያች ድምፅ ነው።

«ወተቱንስ ማን ይከፍላል?» አሉኝ። እኔ እከፍላለሁ አልኩ።